በአያቴ ቡሉኮ ላይ የሰፋነው ሰው

አጎቴ ዱላውን ያነሳው በሚስቱ ላይ ነበር። ያረፈው ግን አያቴ ራስ ላይ ነው። ማንም አልገፋቸውም፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ከጓዳ ወጡና እጃቸውን ዘርግተው በሁለቱ መሐል ቆሙ። ከዚያ የሰማሁት የደረቀ ቅል ድንጋይ ላይ ሲወድቅ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ነው። አያቴ አልጮኹም። መጀመሪያ ቁጭ አሉ፤ ቀጥሎ በጎናቸው ተኙ። ነጠላው ከግራ ጆሯቸው በላይ ቀላ፤ ቅላቱም እስከ ትከሻቸው ወረደ።

አጎቴ ዱላውን እንደያዘ ቆሞ አያቸው።

«ማን ግቢ አለሽ?» አለ። እናቱን ነው።

ከዚያ ዱላውን በግድግዳው ድንጋይ ላይ መትቶ ሰበረውና ወጣ። እኔ የነጠላውን ጫፍ ጠቅልዬ ቁስሉ ላይ ያዝኩ። ደሙ ለብ ያለ ነበር፤ በጣቶቼ መሐል ይወጣል።

ይህ የሆነው ሐረር፣ በጀጎል ግንብ ውስጥ፣ በንጉሡ ዘመን ነው። ጣሊያን ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። እናቴ እኔን ስትወልድ ስለሞተች ያሳደጉኝ አያቴ ናቸው። የአያቴ አባት ከሸዋ ዘምተው መጥተው እዚያው ከቀሩት አንዱ ነበሩ፤ ቤቱም የእሳቸው ነበር። አጎቴ ለአያቴ የቀራቸው አንድ ልጅ ነው። ወታደር ነበር። አብዛኛውን ጊዜ የሚኖረው ኦጋዴን ውስጥ ሲሆን፣ ለዕረፍት ሲመጣ ሐኪም ጋራ ከሚባለው ኮረብታ በታች በተከራየው ቤት ከሚስቱ ጋር ይሰነብታል። በዚያ ሰሞን ሠፈሩ ሁሉ መምጣቱን የሚያውቀው ከሚስቱ ጩኸት ነው። ሲብስባት ወደ እኛ ትሮጣለች፤ እሱም ይከተላታል። ያን ቀንም እንደዚያው ነበር።

በሕይወቱ ሳለ «ጋሼ» እና «እርስዎ» ነበር የምለው። አሁን እንደዚያ ልጽፍ ስል እጄ እምቢ ይለኛል።

አያቴ ከዚያ ወዲያ ከአልጋ አልተነሱም። ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። ንግግራቸው ይጎተት ነበር፤ ግን ይሰማል። ሐኪም ቤት እንውሰድዎ ስላቸው «ምን ሆንኩ ልበል?» አሉ። ደሙ ደርቆ ራሳቸው ላይ የተጣበቀውን ነጠላ በለብ ያለ ውሃ እያራስን ስናላቅቅ፣ እኔንና የአጎቴን ሚስት አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጡን።

«ከደረጃ ወድቄ ነው» አሉ።

ሁለታችንንም በየተራ አዩን።

«በሉ እንጂ።»

«ከደረጃ ወድቀው ነው» አልኩ።

«አንቺስ?»

የአጎቴ ሚስት አቀርቅራ ነበር። «እማማ፣ እኔን ሊገድለኝ እኮ ነው የመጣው» አለች።

«አውቃለሁ። ቢሆንም ልጄን በእኔ ደም አላሳስርም። ከአንዳችሁ አፍ ሌላ ቃል ቢወጣ አጥንቴ ይፋረዳችሁ። ገዝቻችኋለሁ።»

በእኛ ዘንድ ሊሞት የተቃረበ ሰው ግዝት ቀልድ አይደለም። ካህን እንኳ ለመፍታት ያመነታል። ሁለታችንም እጃቸውን ስመን ተቀበልን። ለጎረቤቱ ሁሉ ከደረጃ ወደቁ ተባለ። የቤታችን የድንጋይ ደረጃ የተቦረቦረ ስለነበር የተጠራጠረ ሰው አልነበረም።

ሲሞቱ በአገራችን ወግ መሠረት ለቅሶው ላይ ልብሳቸው ወጣ። ያስለቀሰው አጎቴ ነው። ሸሚዙን ቀዶ ደረቱን እስኪደማ መታ። ፊቱን በጥፍሩ ቧጠጠ። ባለ ጥበብ ቀሚሳቸውን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ በለቀስተኛው መሐል እየዞረ «እናቴ፣ ከእንግዲህ የማን ልጅ ልባል!» ሲል ወንዱም ሴቱም ተንሰቀሰቀ። አጠገቤ የቆመች ሴት «እንዲህ ያለ ወንድ ልጅ ለሁላችን ይስጠን» አለች። ሚስቱ ከጓሮው በር አጠገብ ቆማ ነበር። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋለች። ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ለማንም አልተናገረችም፤ ነጠላዋን ዝቅ አድርጋ ትለብስ ነበር።

ከቀብር በኋላ አጎቴ ሽማግሌዎች ፊት ቀረበ። የሽማግሌዎቹ ቀዳሚ ጡረታ የወጡ ዳኛ ነበሩ፤ በሠፈራችን ቃላቸው ይከበራል።

«ቤቴ ተዘግቶ ነው ያለው» አለ አጎቴ። «ይህቺ ሴት ከእናቴ ቤት አልወጣም ብላለች። እናቴን ቀብሬ ሚስቴንም ልጣ?»

ዳኛው ወደ ሚስቱ ዞሩ። «ምን በደለሽ፣ ልጄ?»

«ይመታኛል።»

አንዱ ሽማግሌ ፈገግ አሉ። «እህ፣ ማን የማይመታ አለ?»

«ሌላስ?» አሉ ዳኛው።

አየችኝ። እኔም አየኋት። ሌላው ነገር በአያቴ ግዝት ሥር ነበር።

«ሌላ የለም» አለች።

«እንግዲያው ተዝካሩ ይውጣ። በሙት ዓመትና በተዝካር ፊት መጣላት ነውር ነው። በአርባው ቀን እጅሽን ይዘን ለባልሽ እናስረክባለን። አባትሽም ይምጣ።»

አባቷ ሶፊ በሚባል ገጠር የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። ከዚያ በፊት ሸሽታ ወደ እሳቸው ስትሄድ፣ የሽማግሌ ቃል ሳይኖር የሰው ሚስት አላስቀምጥም ብለው በበቅሎ ጭነው መልሰዋታል። የተመለሰች ዕለት ባሏ የግራ እጇን ትንሽ ጣት ወደ ኋላ አጥፎ ሰበረው። ጣቱ ተጣሞ ነው የገጠመው።

ያን ምሽት ሳህን እያጠበች «ከመለሱኝ ይገድለኛል» አለችኝ። አላለቀሰችም። «እናቱ መሐል ገብተው እንደዚያ ካደረጋቸው፣ መሐል የሚገባ ሰው ሳይኖር ምን ያደርገኛል?»

ሳህኑን ከእጇ ተቀብዬ አደረቅሁት።

የሟች ልብስ በወጉ ግማሹ ለነፍስ አባት፣ ግማሹ ለድሃ ይሰጣል። የአያቴን ሳጥን ስንከፍት ደህና ደህናው ከላይ ነበር፤ እሱን ለየነው። ከሥሩ ግን ሌላ ልብስ ወጣ። የተቀደደ ጋቢ፣ ለሁለት የተተረተረ የአልጋ ልብስ፣ ጎኑ የተቃጠለ ቀሚስ፣ የተወጋ የትራስ ልብስ። ሁሉም ታጥቦ በሥርዓት ታጥፏል። አልተጣፈም።

ለምን እንዳስቀመጧቸው ሁለታችንም ገባን። ሸማ በእርጅና ሲቀደድ ክሩ ሳስቶ ነው። በጉልበት ሲቀደድ ግን ዳሩ ይጨማደዳል፣ ክሩም ተስቦ ይወጣል። ፈትል የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይለየዋል። አያቴ ይህን ለድሃ ቢሰጡ ድሃው ራሱ «ማን ቀደደው?» ብሎ ይጠይቃቸው ነበር። ሊጥሉትም አልሆነላቸውም፤ የገዛ እጃቸው ፈትል ነው።

ጋቢው የተቀደደው አጎቴ ከአልጋ ጎትቶ ሲያወጣቸው ነው፤ ሚስቱን አልጋቸው ሥር ደብቀዋት ነበር። ቀሚሱን ያቃጠለው ከነፍሙ የረገጠው ምድጃ ነው። ያን ጊዜ ጭናቸው ላይ የወጣው ውሃ የቋጠረ ቁስል እንዴት እንደሚሸት አልረሳም። የትራሱን ልብስ በሳንጃ የወጋው በዳግማይ ትንሣኤ ሰክሮ መጥቶ ነው። ሰው የተኛበት መስሎት ነበር። ላባው ቤቱን ሞልቶት ሲስቅ አስታውሳለሁ።

እነዚህን መሬት ላይ ዘርግተን ሳለ አጎቴ ገባ።

«ይህ ቅዳጅ ምንድን ነው?»

«የእማማ ነው» አለች ሚስቱ።

«አቃጥሉት።» በእግሩ ገፋው። «ሰው ሲያይ የእናቴ ሳጥን የለማኝ ኮሮጆ ይመስለዋል።»

ያኔ ያልኩትን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። «ጋሼ፣ አያቴን ልሰፋበት ነው» አልኩ።

«ምን?»

«ምስላቸውን። በቡሉኮ ላይ። በተዝካሩ ቀን ዳሱ ውስጥ የሚሰቀል። ትምህርት ቤት ጥልፍ ተምሬአለሁ።»

ትንሽ አሰበ። ከዚያ ፊቱ በራ። «ያምራል?»

«ያምራል።»

«አለቆቼን እጠራለሁ እንግዲህ። ተከድኖ ይቆያል፤ የምገልጠው እኔ ነኝ። ካላማረ ግን፣» አገጬን በጣቶቹ ይዞ ቀና አደረገኝ፣ «እነዚህን ጣቶችሽን በመዶሻ ነው የማደቅልሽ።»

ሳቀ። አገጬ ላይ የጣቶቹ ምልክት እስከ ማግስቱ ቆየ።

እቤት መስፋት አልተቻለም፤ በፈለገው ሰዓት ይገባል። ግድግዳ የምንጋራቸው የሐረሪ ሴት፣ በዕድሜ የአያቴ እኩያ፣ ከበራቸው ላይ ቆመው ጠሩን። «እዚህ ኑ» አሉ። «ወላሂ፣ እዚህ ቤት ወንድ ሳያስፈቅድ አይገባም። የኔው ባል እንኳ አርባ ዓመት ሙሉ በሩ ላይ እየሳለ ነው የገባው፣ አላህ ይርሐመው።» ከፍ ባለው መደብ ላይ ምንጣፍ ዘረጉልን። ግድግዳው በተሰቀለ ሳህንና በስንደዶ ስፌት የተሞላ ስለነበር ጨርቅ መስቀል ለሳቸው አዲስ ነገር አልነበረም። ቡሉኮው ከክብደቱ የተነሣ መሐሉ እንዳይረግብ በላይኛው ጠርዙ ላይ እንዴት ዘንግ እንደሚሰፋበት ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው።

የሠራነው እንዲህ ነው። የምስሉ መሠረት የአያቴ ትልቁ ቡሉኮ ሆነ። ፊታቸውን ቆርጬ ያወጣሁት በሻይ ከነከርነው አቡጀዲ ነው። አርቲስት አልነበርኩም፤ ፊት መሣል የማውቀው ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አይቼ ብቻ ነው። ስለዚህ እንደዚያው አደረግኋቸው፦ ፊት ለፊት፣ ሰፊ፣ ሁለት ትልልቅ ዓይን። ቀሚሳቸው ከተቃጠለው ቀሚስ ተቆረጠ፤ የተቃጠለውን ጠርዝ ሳልቀመቅም ተውኩት። ጋቢያቸውን ከተቀደደው ጋቢ ሰፋን። እጃቸውን ከሌላው አካል አስበልጠን አደረግን፤ በአንዱ እንዝርት፣ በሌላው ባዘቶ ይዘዋል። ጥቁሩንና ቀዩን ክር ጎረቤታችን ሰጡን፤ ሐረሪ ሴቶች ለሚለብሱት ሱሪ እግር ጥልፍ ገዝተውት የተረፈ ሐር ነው።

የአጎቴ ሚስት የግራ ትንሽ ጣቷ ስለማይታጠፍ ጨርቁን በቀሩት ጣቶቿ ጨብጣ ነበር የምትሰፋው። ቡሉኮ ወፍራም ነው፤ መርፌው እንቢ ሲል በመዳፏ ትገፋዋለች፤ መዳፏ ይደማል። ደሟ ሥራው ላይ እንዳይነካ ቀሚሷ ላይ ትጠርገዋለች። የእኔም ጣቶች ቆሳስለው ነበር። አንዳንዴ እየሰፋን ሳለ ከውጭ የአጎቴ ድምፅ ይሰማል፤ መርፌዎቻችን ይቆማሉ፤ ሲያልፍ እንቀጥላለን።

ራሳቸው ላይ የምናደርገው ነጠላ ሲቀር፣ ሚስቱ ከብብቷ የተጠቀለለ ጨርቅ አወጣች። ያን ቀን የለበሱት ነጠላ ነው። ደጋግማ አጥባዋለች፤ ደሙ ግን አልለቀቀም፤ እንደ ዝገት ሆኖ ቀርቷል።

«ይህን እናድርግላቸው» አለች። «እድፉ ከግራ ጆሯቸው በላይ ይሁን።»

አደረግን። አጎቴ ቢያየው እንኳ የአሮጌ ጨርቅ እድፍ ነው እንለዋለን ብዬ አሰብኩ። ምስሉ ያለቀ መሰለኝ። ክር መቁረጥ ስጀምር እጄን ያዘችኝ።

«ሰውየው ቀርቷል።»

«የቱ ሰውዬ?»

«ዱላ የያዘው።»

መርፌዬን አስቀመጥኩ። «ተገዝተናል እኮ፣ እትዬ።»

«አፌ ነው የተገዘተው። መርፌ አልተገዘተም።»

«ይገድለናል።»

«አንቺን አይገድልሽም። እኔን ደግሞ ብሰፋውም ባልሰፋውም ይገድለኛል።»

ጎረቤታችን ቡና እየለቀሙ ሰምተው ነበር። ሚስቱ ከአያቴ ሳጥን ያመጣችውን የካኪ ሸሚዝ ዘረጋች። አጎቴ ክርኑን እንዲጥፉለት ለእናቱ ሰጥቶት የቀረ ነው፤ የወርቅ ቀለም ያለው ቁልፉ እንኳ አለበት። ሰውየውን ከሱ ቆረጥነው። ከአያቴ ምስል በስተግራ፣ ትንሽ አድርገን፣ እጁን ወደ ላይ አንስቶ አቆምነው። ዱላውን ከአሮጌ መቀነት ሰፋነው። ፊቱን ወደ ጎን አዞርኩትና አንድ ዓይን ብቻ አደረግሁለት።

«ይህ ደግሞ ለምንድን ነው አንድ ዓይን የሆነው?» አሉ ጎረቤታችን ጎንበስ ብለው።

«በእኛ ቤተ ክርስቲያን፣ እማማ፣ ደግ ሰው በሁለት ዓይን ነው የሚሣለው» አልኳቸው። «ክፉዎቹ፣ ጌታን የገረፉት፣ ሰማዕታትን የወጉት፣ ሁሉም ፊታቸው ወደ ጎን ዞሮ አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚታየው።»

«እና ሰው ሁሉ ያውቀዋል?»

«ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኛ ዘንድ የሰው ምስል አይደረግም። ቢደረግ ግን የመጀመሪያ ባሌን ያለ አንድም ዓይን ነበር የምሰፋው።» የአጎቴ ሚስት ሳቀች። እቤታችን ከመጣች ጀምሮ ስትስቅ የሰማኋት ያን ጊዜ ነው። ጎረቤታችን ግን አልሳቁም። «ልጆቼ፣» አሉ፣ «በዚያ ቀን በሬን አልዘጋም። ብትሮጡ ወደዚህ ሩጡ።»

የተዝካሩ ቀን ግቢያችን ውስጥ ትልቅ ዳስ ተጣለ። በሬ ታርዶ ደሙ በድንጋዩ መሐል እስከ በሩ ወርዶ ነበር። ካህናቱ ፍትሐት አድርሰው ተቀመጡ። ሽማግሌዎቹ ከነዳኛው ከፊት፣ የአጎቴ አለቆችና ባልደረቦች በቀኝ፣ የሚስቱ አባት ከሶፊ መጥተው ከበሩ አጠገብ፣ ድሆቹ ከዳሱ ውጭ። ጎረቤታችንም ከሌሎች ሐረሪ ሴቶች ጋር መጥተው በግቢው ግንብ ሥር ቆመዋል። ጨርቁ በዳሱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በነጭ አንሶላ ተሸፍኗል።

አጎቴ የተተኮሰ ካኪ ለብሶ፣ ጠጁን ጨብጦ ተነሣ። «እናቴን ደህና አድርጌ አልጦርኳትም የሚል ካለ ይምጣና ይይ!» ብሎ አንሶላውን ሳበው።

መጀመሪያ የተሰማው የአድናቆት ድምፅ ነው። ሁሉም ያየው ትልቁን ፊት ነው። «እሳቸው ናቸው! እጃቸውን እዩት!» አሉ ሴቶች። አጎቴ ወደ ሰዉ እንጂ ወደ ጨርቁ አላየም ነበር፤ ምስጋናውን ራሱን ዝቅ እያደረገ ይቀበላል። ከዚያ ድምፁ ከፊት ወደ ኋላ እየቀነሰ ሄደ።

ከድሆቹ መሐል አንዲት አሮጊት መነኩሲት አንገታቸውን አስግገው «ያ ባለ ዱላው አንድ ዓይና ነው» አሉ። ጮክ ብለው አልነበረም። ግን ሌላ የሚናገር ስላልነበረ ተሰማ።

አጎቴ ዞረ።

ዳኛው ተነሥተው በቀስታ ወደ ጨርቁ ሄዱ። የካኪውን ቁልፍ ነኩ። ከዚያ በግራ ጆሮ በኩል ያለውን እድፍ በአውራ ጣታቸው አሹት። ጣታቸውን አዩት። ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«አባቴ፣ ተገዝቻለሁ» አልኩ።

«ማን ነው የገዘተሽ?»

በጣቴ ምስሉን አሳየሁ። «እሳቸው።»

አጎቴ ከሥጋው ጠረጴዛ ላይ ቢላ አነሣ። ማንም ሳይደርስበት ጨርቁን ከላይ እስከ ታች ተረተረው፤ የአያቴን ፊት ለሁለት ከፈለው። ቡሉኮ ሲቀደድ የሚያሰማውን ድምፅ እኔ ብቻ ሳልሆን ዳሱ ሁሉ ሰማው። ወደ እኔ መጣ። በቢላው እጀታ አፌን መታኝ። ወደቅሁ። አፌ ውስጥ ጠንካራ ነገር ተሰማኝ፤ ጥርሶቼ ናቸው፤ ከደም ጋር መዳፌ ላይ ተፋኋቸው። ጆሮዬን በጫማው ሲረግጠኝ የአንዱ ወገን ድምፅ ሁሉ ጠፋ። እስከ ዛሬ በዚያ ጆሮ አልሰማም።

ከዚያ ሚስቱን በጠጉሯ ያዘ። ሆዷን በሁለት እጇ ጋርዳ ተንበረከከች። እሱ ቢላውን እያወዛወዘ ይጮህ ነበር፤ የጮኸውን በቀረው ጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ሌላውም ሰው ሁሉ ሰምቷል።

«ዱላው ያንቺ ነበር! ላንቺ ነበር የሰነዘርኩት! እሷን ምን አስገባት? ምን አስገባት?»

መጀመሪያ የዘለለበት የገዛ ባልደረባው ነው። ክንዱ በቢላው ተሰነጠቀ፤ አልለቀቀውም። ሌሎች ወታደሮች ተከተሉ። አንዱ በወንበር እግር የአጎቴን እጅ መታው፤ ቢላው ወደቀ። አሸንፈው መሬት ላይ ሲያጋድሙት አፍንጫው ደምቶ፣ ካኪው በበሬው ደም ጨቅይቶ ነበር። ካህናቱ ተነሥተው ቆመዋል፤ አንዳንዱ ያማትባል። ጎረቤታችን ግን ግንቡን ትተው ገብተው የአጎቴን ሚስት በክንዳቸው አቅፈዋታል፤ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ይላሉ።

ስለ ጨርቁ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ እዚህ ላይ ልጻፈው። ነፍስ አባታችን ደስ አላላቸውም። በሕያው ሰው ላይ ፍርድ ሰፍተሻል፣ ፍርድ የእግዚአብሔር ነው ብለው ቀኖና ሰጡኝ፤ ሰገድኩ። የሰውየውንም ምስል እንድፈታ አዘዙኝ፤ በምላጭ ፈታሁት። ቡሉኮ የተወጋበትን ቶሎ አይደፍንም፤ በቀዳዳዎቹ መስመር እጁን ያነሣ ሰው እስከ ዛሬ ይታያል። የተተረተረውን መኪና ግርግር ወደሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ወስጄ ሰፊዎቹ በመኪና እንዲገጥሙልኝ ጠየቅሁ፤ የሸማውን ውፍረት ያየ ሁሉ መርፌ ይሰብርብኛል አለ። በእጄ ገጠምኩት። የአያቴ አፍንጫ ትንሽ ተዛብቷል።

አጎቴ ፍርድ ቤት አልቀረበም። አለቆቹ ወሰዱት፤ ወደ ኦጋዴን ተመለሰ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ በሕመም ሞተ። አያቴ የፈለጉት ይህ ነበር፤ የፈለጉት ሆነላቸው።

በተዝካሩ ዕለት ግን አጎቴ ገና አልሄደም ነበር። ሽማግሌዎቹ የተገለበጠውን ወንበር አቃንተው በዚያው ዳስ ተቀመጡ። አጎቴን ሁለት ወታደሮች እጁን ወደ ኋላ ይዘው አቆሙት። ዳኛው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ለተዝካሩ ቀን የቀጠርነው ጉዳይ ነበር» አሉ። «ሴትየዋን ለባሏ ልናስረክብ ነበር።»

ቀደም ሲል ፈገግ ያሉት ሽማግሌ መሬት መሬት ያያሉ።

«የሰማነውን ሰምተናል» አሉ ዳኛው። «ሟቿ አልከሰሱም፤ እነዚህ ሁለት ሴቶችም አልተናገሩም። የተናገረው ራሱ ነው። እኔ ከእንግዲህ ይህችን ልጅ ለዚህ ሰው በእጄ ይዤ አልሰጥም። የሚሰጥ ካለ ይነሣ።»

ማንም አልተነሣም።

«ሚስቴ ናት!» አለ አጎቴ። ደም ከአፍንጫው ወደ አፉ እየገባ ስለነበር ቃሉ ተድበሰበሰ።

«ነበረች» አሉ ዳኛው።

የሚስቱ አባት ከበሩ አጠገብ ተነሡ። ብዙ አልተናገሩም። «በቅሎዬ ውጭ ታስራለች» አሉ። «ዛሬ ይዣት እሄዳለሁ። ትወልድ፤ ልጁን አሳድጋለሁ። እዚያ ድረስ የሚመጣ ካለ መንገዱን ያውቀዋል፤ እኔም ጠመንጃ አለኝ።»

አጎቴን ይዘው ወጡ። ግቢው ውስጥ የተሰበረ ብርሌና የተረገጠ እንጀራ ተበትኖ ነበር። ጎረቤታችን አፌን በጨው ውሃ አጠቡልኝ፤ ከንፈሬ አብጦ መዝጋት አልቻልኩም። ሴቶቹ ለአጎቴ ሚስት ምግብ አቀረቡላት። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ብዪ አሏት።

ከባሏ ቤት ስትበላ ያየኋት ሁልጊዜ ቆማ ነው፤ ጉርሻዋን ይዛ በሩን ታያለች። ያን ቀን ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀመጠች። ሳትቸኩል በላች። ጠግባ ሳህኑን እስክትገፋ ድረስ አባቷ አላጣደፏትም። እኔ ውሃውን ይዤላት ቆምኩ።